ፎርማት ሳይደረግ ወደ ዊንዶውስ 11 መሄድ ይቻላል? የፒችትሪው ኮምፒውተር ክርክር

የጅማ ሰዎች ስለ ኮምፒውተር በምንጠያየቅበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ወጣ። መልሱ ተንዛዝቶ ከሃያ በላይ ደረሰ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ቁም ነገሩ እንዳያመልጠው፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አገላለጽ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። የራሴንም ሐሳብ ጣል ጣል አድርጌበታለሁ። ጉዳዩ በጣም ያንገበግበኛል። በዚህ ከተማ «ፎርማት እናድርገው» (ዲስኩን ጠርገን እንደ አዲስ እንጫነው) በሚል አንድ ቃል የስንት ሰው ልፋት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን።

የመክፈቻው ጥያቄ

ጠያቂዋ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ በአንድ የቡና ንግድ ቢሮ ሒሳብ ትሠራለች። የቢሮው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። የብዙ ዓመት ሒሳብ የያዘ ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም አለው። ደብዳቤ የሚጻፍበት ፓወር ግዕዝ አለው። ፕሪንተርና ስካነርም በስንት መከራ ተገናኝቶለታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 ማሳደግ ፈለገች። አንድ የጥገና ሱቅ ሄዳ ስትጠይቅ ፎርማት መደረጉ ግድ ነው፣ ፕሮግራሞቹም እንደ አዲስ ይጫናሉ ተባለች። ችግሩ የፒችትሪው ሲዲ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ያስጫነው ሠራተኛ ከቢሮው ከለቀቀ ቆይቷል። ስለዚህ ጥያቄዋ አንድ ነው፦ ፋይሉም ፕሮግራሙም እንዳለ ሆኖ ሲስተሙን ብቻ ማሳደግ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

መልስ 1

አጂፕ በኩል የጽሕፈትና የፕሪንት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ይቻላል አለ፣ በደንብም አስረዳ። የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ፋይል (ሙሉ መጫኛው በአንድ ፋይል) ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ይወርዳል። ዊንዶውስ 10 እንደተከፈተ ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጎ ሴትአፕ የሚለውን ማስነሳት ነው። መሀል ላይ ምን ይቆይልህ ብሎ ይጠይቃል። ምርጫው ሦስት ነው፦ ፋይሉም ፕሮግራሙም ይቆይ፣ ፋይሉ ብቻ ይቆይ፣ ምንም አይቆይ። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ሲጨርስ ዴስክቶፑን እንደተወው ያገኘዋል። ዋናው ዊንዶውስ 10 በትክክል አክቲቬት የሆነ (ፈቃዱ የተረጋገጠ) ከሆነ 11ዱም በነፃ ነው፣ አዲስ ቁጥር አይጠይቅም።

መልስ 2

በ1 ይስማማል። ግን የኮምፒውተሩን ዓይነት ሳናውቅ ተስፋ አንስጣት አለ። ትክክል ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቁልፍ የሚያስቀምጥ ክፍል) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚፈትሽ ጥበቃ) ይፈልጋል። ከኢንቴል ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር መሆን አለበት። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ጭና ውጤቱን እንድትነግረን ጠየቃት።

መልስ 3

እዚህ ጋ ነገሩ ሞቀ። ጸሐፊው የጥገና ባለሙያ ነው። በአሮጌ ሲስተም ላይ አዲስ መጫን ቆሻሻውን አብሮ ማሻገር ነው፣ ቫይረሱም ድራይቨሩም (ዕቃ ማገናኛ ፕሮግራሙም) የተበላሸውም ነገር ሁሉ ይሻገራል፣ ነገ ሲንቀራፈፍ የሚወቀሰው እኛ ነን አለ። ሰው ሁሉ ዩቲዩብ አይቶ ባለሙያ ሆነ ብሎም ጨመረበት።

ክፍያውን ተቀብሎ ሥራውን ለሚያስረክብ ሰው ፎርማት ፈጣን ነው፣ ውጤቱም ይታወቃል። ይህ ይገባኛል። ቫይረስ የበላው ሲስተምም ፎርማት ይደረግ ቢባል አልከራከርም። የዚህች ልጅ ኮምፒውተር ግን አልታመመም። የማይመለስ ፕሮግራም የያዘ ጤነኛ ማሽን ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ልክ አይደለም።

መልስ 4

የዩኒቨርሲቲው የቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪ ነው። መልስ 1 ያልጠቀሳቸውን ሁለት ነገሮች ጨመረ። ሁለቱም ወሳኝ ናቸው። አንደኛ፣ ሴትአፑ መነሳት ያለበት ከዊንዶውስ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን በፍላሽ ቡት አድርጎ የሚጀምር ሰው ፕሮግራሙ ይቆይ የሚለውን ምርጫ አያገኝም። ሱቁ አይቻልም ያላት ምናልባት ሁልጊዜ በፍላሽ ስለሚሠሩ ይሆናል ብሎ ገመተ። ሁለተኛ፣ የአይኤስኦው ቋንቋ ካለው ዊንዶውስ ጋር አንድ መሆን አለበት። የአሜሪካ እንግሊዝኛና ኢንተርናሽናል የሚባለው እንግሊዝኛ ራሳቸው እንደ ሁለት ቋንቋ ነው የሚታዩት። ከተለያዩ የመጀመሪያው ምርጫ ይደበዝዝና አልነካም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ አይሆንም ማለት ነው ብሎ ይተወዋል፣ መፍትሔው ግን ትክክለኛውን አይኤስኦ ማውረድ ብቻ ነው።

መልስ 5

ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው። ጋሼ ብለን የምንጠራቸው የቆዩ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው የጻፉት። ዊንዶውሱን ለእናንተ ትቻለሁ፣ እኔ ስለ ሒሳቡ ልናገር ብለው ጀመሩ። ምክራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፒችትሪ ውስጥ ተገብቶ በራሱ ባክአፕ ይወሰድ፣ ፒቲቢ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ይወጣል። ፎልደሩን ብቻ ኮፒ ማድረግ፣ በተለይም ፕሮግራሙ ተከፍቶ እያለ፣ አያስተማምንም። ፋይሉ በፍላሽም በኤክስተርናልም ይቀመጥ፣ ሁለቱም ከቢሮው ውጪ ይደሩ። ከዚያ ፒችትሪ ባለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ተከፍቶ ይታይ። መከፈቱ ካልታየ ባክአፕ አለኝ ማለት አይቻልም። በመጨረሻ ከማሳደጉ በፊት ትራያል ባላንስ (የሒሳቦች ሚዛን ማጠቃለያ) ፕሪንት ተደርጎ ይቀመጥ። ከማሳደጉ በኋላም እንደገና ይወጣና ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይመሳከሩ። አንድ ብር እንኳ ልዩነት ካለ ሥራ አይጀመር።

አንድ ነገርም አከሉ። ይህ ፕሮግራም ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል። አሮጌው ቅጂ ለዊንዶውስ 11 ተብሎ የተሠራ አይደለም። ዊንዶውሱ ያሻግረዋል እንጂ እንደ ድሮው ይሠራል ብሎ ማንም ሊፈርምላት አይችልም። ስለዚህ የመመለሻው መንገድ አስቀድሞ ይታሰብበት አሉ።

መልስ 6

የመመረቂያ ጽሑፏን ያጣች ልጅ ናት። ጽሑፉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ፎርማት ያደረገው ሰው ዲ ድራይቭን አልነካሁም ብሎ አረጋጋት፣ እውነትም አልነካም። ዴስክቶፕና ዶክመንት ግን የሚቀመጡት ሲ ላይ ነው። ሲ ተጠረገ፣ ጽሑፉም አብሮ ሄደ። ከአማካሪዋ ኢሜይል ላይ የቆየ ረቂቅ አግኝታ ከዚያ ቀጠለች። የሰውየውን ስም አልጠራችም፣ ደግም አደረገች። ሰው ዲ ላይ ያለው አይነካም የሚለውን ሰምቶ እንዳይዘናጋ ነው የጻፈችው።

መልስ 7

የጥገና ባለሙያው ተመለሰ፣ አሁን ተቆጥቷል። ደንበኛው ፋይሉ የት እንዳለ ሳይናገር ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል፣ ኋላ ሌባ እንባላለን አለ። 4ን ደግሞ ክፍል ውስጥ የተማርከውንና ሱቅ ውስጥ የሚገጥመውን አታምታታ ብሎ ወረደበት። ተማሪው መልስ አልሰጠም። ሌላ ሰው ግን በአንድ መስመር፣ ፋይሉ የት እንዳለ መጠየቅ ያለበት ተቀባዩ ነው ብሎ አለፈ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሐኪም ቤት የሄደ ሰው መድኃኒት የማይስማማው እንደሆነ የሚጠየቀው ከመርፌው በፊት ነው። ይህ የአንድ መስመር መልስ 8ኛ ሆኖ ተቆጥሯል።

መልስ 9

ጠያቂዋ ራሷ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ሲስተሙ 64 ቢት። ሄልዝ ቼኩ ግን ሁለት ቀይ ምልክት አሳያት፦ ሴኪዩር ቡት የለም፣ ቲፒኤምም የለም።

ከመልስ 10 እስከ 12

እዚህ ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ትንሽ ተበታተነ። መልስ 10 በቃ አዲስ ኮምፒውተር ግዙ አለ። በ11ኛው መልስ ሌላ ሰው፣ ከየት መጥቶ ነው የሚገዛው፣ የቡና ቢሮ ሁሉ ሀብታም መሰለህ ወይ ብሎ መለሰለት። መልስ 12 ደግሞ የራሱን ጥያቄ መሀል ከተተ። ሄርማታ አካባቢ ያለ ሰው ነው፣ ቤቱ ዊንዶውስ 7 ያለው ላፕቶፕ አለው፣ 2 ጊጋባይት ራም፣ 32 ቢት። እኔስ የልጆቼን ፎቶና ፕሮግራሞቼን ይዤ ወደ 11 መሄድ እችላለሁ ወይ አለ።

መልስ 13

ለ12 ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠው። አይቻልም። ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ፕሮግራም ይዞ መሻገር የሚባል ነገር የለም፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ከ7 በቀጥታ ወደ 11 ፕሮግራም ይዞ መሄድም የለም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ካበቃ ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል፣ እስካሁን እንዴት ኢንተርኔት ላይ ትጠቀምበታለህ ብሎ ተቆጣው። ምክሩ ልክ ነው፣ ቁጣው ግን አላስፈለገም። ሰውየው የጠየቀው ስላላወቀ ነው።

መልስ 14

የሊኑክስ ወዳጅ መጣ። ሁለቱም ኡቡንቱ ይጫኑ፣ ነፃ ነው፣ ለቫይረስም ብዙ አይጋለጥም አለ። ለ12 ላፕቶፕ ቀለል ያለ ሊኑክስ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ፎቶው አስቀድሞ ወደ ውጪ ይገልበጥ እንጂ። ለጠያቂዋ ግን ምንም አልጠቀማትም። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ጋሼም ይህን አይተው፣ ልጄ፣ የተጠየቀው ፕሮግራሙ ይቆይ ተብሎ ነው እኮ ብለው በጨዋነት መለሱት፤ ያ 15ኛው ነው።

መልስ 16

የክሩ ዋና መልስ ይሄ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የጻፈው የአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነው። 8ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ቲፒኤም የለውም የሚለው ብዙ ጊዜ ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ላይ ስለተዘጋ ነው አለ። በኢንቴል ማሽን ላይ ፒቲቲ በሚል ስም ይገኛል፣ ማብራት ብቻ ነው። ሴኪዩር ቡት ደግሞ የለም የተባለው ዊንዶውስ 10 ሲጫን በአሮጌው መንገድ፣ ሌጋሲ በሚባለው፣ ስለተጫነ ነው። ዲስኩም ኤምቢአር በሚባለው አሮጌ አከፋፈል የተዘጋጀ ነው። ሴኪዩር ቡት የሚሠራው በዩኢኤፍአይ፣ በአዲሱ የማስነሻ መንገድ፣ ሲሆን ለዚያ ደግሞ ዲስኩ ጂፒቲ በሚባለው አዲስ አከፋፈል መሆን አለበት።

አሁን ብዙ ሰው ይህን ለመቀየር ዲስኩ መጥፋት አለበት ይላል። አይደለም። ከዊንዶውስ 10 የ1703 ቅጂ ጀምሮ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ፋይል ሳያጠፋ ይለውጣል። መጀመሪያ ቫሊዴት በሚለው ትእዛዝ ይሆናል አይሆንም ብሎ መፈተሽ፣ ይሆናል ካለ ብቻ መለወጥ። ተለውጦ ሲያልቅ ወዲያው ባዮስ ተገብቶ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ መዛወር አለበት፣ ካልተዛወረ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ዲስኩ የጠፋ ይመስለዋል። ከዚያ ሴኪዩር ቡትና ፒቲቲ ይበራሉ። ዊንዶውስ 10 በሰላም መነሳቱ ከታየ በኋላ ነው ወደ 11 የሚኬደው። ሁለቱን ሥራ በአንድ ትንፋሽ አትሥሩ አለ።

መልስ 17

ይገርማል፣ ያ የጥገና ባለሙያ ነው። አሁንም ፎርማት ይሻላል ባይ ነው፤ ግን የሚጠቅም ነገር ጨመረ። ኤምቢአር2ጂፒቲ ዲስኩ ላይ ከሦስት በላይ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ካለ፣ ወይም ዲ እና ኢ ሎጂካል (በአንድ ክፍልፋይ ውስጥ ያሉ) ሆነው ከተከፈሉ፣ እምቢ ይላል። እዚህ ከተማ ያየኋቸው ብዙ ዲስኮች እንደዚያ የተከፋፈሉ ናቸው አለ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የበራበት ማሽን ላይ ደግሞ ባዮስ ከመነካቱ በፊት ቢትሎከሩ ለጊዜው ይቁም፣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍም ይጻፍ ብሎ አሳሰበ። በዚህ ላይ እጄን አነሳሁለት።

መልስ 18

ቦሳ ቂጦ የሚኖር ሰው ስለ መብራት ተናገረ፣ ከሱ በኋላም ብዙዎች ተከተሉት። ማሳደጉ መሀል ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል። ዲስክ እየተለወጠ ከጠፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፕ የለውም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ሳይኖር አትጀምሪ አላት። ዩፒኤሱም ባትሪው እንዳልሞተ ኬብሉን ከሶኬት ነቅለሽ እዪ አለ።

መልስ 19 እና 20

ስለ ፊደል ነው፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል። 19 የቆዩ ደብዳቤዎቼ ፎርማት ካስደረግሁ በኋላ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ተከፈቱ ብላ ጻፈች። 20 አስረዳት። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ወደሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሥርዓት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም የተሠሩ አንዳንድ ፎንቶች አማርኛውን የሚያሳዩት በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ተቀምጠው ነው። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉ አልጠፋም፣ መነጽሩ ነው የጠፋው። ፎንቱን መልሶ መጫን ይበቃል። ስለዚህ ፎርማት ከማድረግ በፊት የፎንት ፎልደሩን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። ፕሮግራም ይዞ በማሳደግ ጊዜ ግን የተጫኑ ፎንቶች አብረው ይሻገራሉ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ጠፋብኝ የሚል ካለም በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ከሴቲንግ ውስጥ እንደ ተጨማሪ ፊደል ይጫናል።

መልስ 21

የእኔ ነው። የጻፍኩት ስለ ጊዜው ነው። ቀይ የቡና እሸት እየገባ፣ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ክፍያ እየጠበቀ ይህ ሥራ አይጀመርም። የግብር ማሳወቂያ ሰሞንም አይነካም። ቀኑ ካልተመቸ ሌላ አማራጭ አለ፦ ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አራዝሟል፤ የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል፣ ሴቲንጉን ከአካውንቱ ጋር ላገናኘ ሰው ክፍያ የለውም። ጊዜ መግዣ ነው። በክራክ (ያለ ፈቃድ) የተጫነ ዊንዶውስ ላላቸው ደግሞ ነገሩን ቀድመው ያስተካክሉ ብዬ ለመንኩ፤ የሰው ሒሳብ የያዘ ማሽን ምንጩ ባልታወቀ ፕሮግራም መከፈት የለበትም።

መልስ 22

ጠያቂዋ ተመለሰች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ የ16ን ጸሐፊ እየጠየቀች ሠራችው። ፓርቲሽኖቹ ሦስት ብቻ ስለነበሩ ፍተሻው አለፈ። ዲስኩ ተለወጠ፣ ባዮሱ ተስተካከለ፣ ሄልዝ ቼኩ አረንጓዴ ሆነ። ማሳደጉ ላይ ግን የመጀመሪያው ምርጫ ደበዘዘባት፤ ያወረደችው ኢንተርናሽናሉን ነበር። በተማሪው ምክር የአሜሪካውን አውርዳ ደገመችው፣ ተከፈተ። ፒችትሪ ሲነሳ መጀመሪያ ወረቀቱን ነው ያወጣችው። የሁለቱ ትራያል ባላንስ ጠቅላላ ድምር አንድ ነው፣ ሒሳብ በሒሳብም አስተያይታዋለች። ፓወር ግዕዝ ይሠራል። ስካነሩ ብቻ እምቢ አለ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲስ ድራይቨር አውርዳ አስነሳችው። ጋሼን በስማቸው ጠርታ አመሰገነች። ተማሪውንም።

መልስ 23 እና 24

ሲ ድራይቭ ሞላ፣ ዊንዶውስ ኦልድ የሚለውን ፎልደር ላጥፋው ወይ ብላ ጠየቀች። 24 አትንኪው አላት። ወደ ዊንዶውስ 10 መመለሻዋ እሱ ነው፣ የሚያገለግለውም 10 ቀን ነው፣ ከዚያ ዊንዶውሱ ራሱ ይጠርገዋል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ፔሮሉንም ቼክ ማተሙንም ሁሉንም ሞክሪ፣ አንዱ እንኳ ካልሠራ ከሴቲንግ ሪከቨሪ ገብተሽ ተመለሺ አላት።

የሄርማታው ሰው የራሱን ክር ለብቻው ከፍቷል። ፎቶዎቹን ወደ ኤክስተርናል እየገለበጠ ነው፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ሲጽፍልን እዚያው እንቀጥላለን።